ከውርጌሳ አጥር እስከ ሽቦ ቤት፦ እስስትን መንከባከብና ማራባት

እስስትን በሰው እጅ ማኖርና ማራባት በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በጃፓን የራሱ መሣሪያ፣ የራሱ ሐኪምና የራሱ ገበያ ያለው ሥራ ሆኖ ያደገ ሲሆን፣ በርካታ የእስስት ዝርያዎች በተፈጥሮ በሚኖሩባት በኢትዮጵያ ግን ይህች እንስሳ ዛሬም የአጥርና የቁጥቋጦ ነዋሪ እንጂ የቤት እንስሳ አይደለችም። በጀርመን ወይም በአሜሪካ አንዲት እስስት የሚያኖር ሰው የሙቀት አምፖል፣ የአልትራቫዮሌት መብራት፣ ውሃን በጉም መልክ የሚረጭ ሞተርና የእርጥበት መለኪያ ገዝቶ፣ ሁሉንም በሰዓት ቆጣሪ እያስተዳደረ፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ብዙም በማይበልጥ የሽቦ ቤት ውስጥ ሊሠራ የሚሞክረው ነገር የምሥራቅ አፍሪካን፣ የማዳጋስካርን ወይም የየመንን አንድ ተራ ቀን ነው። ስለዚህ የእስስትን አያያዝ በትክክል ለመረዳት ከሽቦው ቤት አስቀድሞ አጥሩን መመልከት ይገባል፤ ለዚህም በወሎ ተዳፋት ላይ የምትገኘው ውርጌሳ ጥሩ መነሻ ናት።

ውርጌሳ በሰሜን ወሎ ዞን፣ በሐብሩ ወረዳ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከውጫሌ ቀጥላ፣ ከወረዳው ዋና ከተማ ከመርሳ አስቀድማ ትገኛለች። በስተምዕራብ መሬቱ ወደ ደጋው እየተቆለለ ይወጣል፤ በስተምሥራቅ ደግሞ ወደ አፋር ዝቅታ እያዘቀዘቀ ይወርዳል፤ በዚህም የተነሣ በአጭር የመንገድ ርቀት ውስጥ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ይገናኛሉ። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመጣ ሲሆን፣ በልጉ ከየካቲት ጀምሮ እስከ ሚያዝያ አካባቢ፣ ክረምቱ ደግሞ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ በመካከሉ ያለው ወራት ደረቅና ፀሐያማ ነው። ማሽላና ጤፍ የሚዘራበት ማሳ፣ ማንጎ፣ ብርቱካንና ፓፓያ የሚለማበት የመስኖ አትክልት፣ በቅንጭብ፣ በቁልቋልና በሰንሰል የታጠረ ግቢ፣ በየድንበሩ የቀረ ግራርና ወይራ፣ እነዚህ ሁሉ ተደማምረው ለእስስት የሚስማማ፣ ቀጫጭን ቅርንጫፍ የበዛበት፣ ጥላና ፀሐይ ጎን ለጎን የሚገኙበት መኖሪያ ይሆናሉ።

በእንዲህ ያለ አጥር ላይ የእስስት ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ከአፋር በኩል ወጥታ የቅርንጫፉን ጫፍ ስትነካ ነው። ሌሊቱን በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ጅራቷን ጠቅልላ፣ ቀለሟ ገርጥቶ የተኛችው እንስሳ በመጀመሪያ ዓይኗን ትከፍታለች፤ ቀጥሎም ጎኗን ወደ ፀሐይ አዙራ፣ የጎድን አጥንቶቿን ዘርግታ ገላዋን እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ ታደርግና ፀሐይ የሚያገኘውን ጎኗን ታጠቁራለች። ጥቁር ቀለም ሙቀትን በብዛት ስለሚቀበል፣ ብርዱ ከገላዋ ከወጣ በኋላ ቀለሟ ቀስ በቀስ ወደ አረንጓዴ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ በቅጠሉ ላይ የቀረውን ጤዛ ትልሳለች፤ ከዚያ አደን ትጀምራለች። ፀሐይ ስትበረታ ወደ ቁጥቋጦው መካከል ገብታ ትጠለላለች፤ ገላዋ ከመጠን በላይ ሲግል ቀለሟን ታነጣለች፣ አፏንም ከፍታ ትተነፍሳለች። ከሰዓት በኋላ እንደገና ወጥታ ጥቂት ካደነች በኋላ ሊመሽ ሲል ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ ትመለሳለች፤ በዚያ የምታድረው ሌሊት የሚመጣ እባብ ወይም ሌላ አዳኝ ገና ቅርንጫፉን ሲረግጥ በንዝረቱ እንድትነቃ ነው።

ይህ ዕለታዊ ሥርዓት፣ ማለትም የሌሊቱ ቅዝቃዜ፣ የንጋቱ ጤዛ፣ የጠዋቱ ፀሐይ፣ የቀትሩ ጥላና የማታው ጸጥታ፣ የእስስት አያያዝ ትምህርት ሙሉ ይዘት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በምርኮ የተያዙ እስስቶች ለረጅም ዘመን በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞቱ የነበሩትም ሰዎች ምግብ ስለነፈጓቸው ሳይሆን፣ ከዚህ ሥርዓት አንዱን ክፍል ስላጓደሉባቸው ነበር። በተለይ «የአፍሪካ እንስሳ ሁልጊዜ ሙቀት ይፈልጋል» የሚለው ግምት ከደጋ የመጡትን ዝርያዎች በብዛት የገደለ ስሕተት ነው።

የኢትዮጵያን እስስቶች በሳይንስ መዝግቦ ማወቅ የተጀመረው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ጀርመናዊው ተፈጥሮ አጥኚ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1834 በሰሜን ኢትዮጵያ ተጉዞ ወደ ፍራንክፈርት ከተመለሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1845 ዛሬ ትራዮሴሮስ አፊኒስ የምትባለውንና ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በየትም የማትገኘውን ትንሽ እስስት በጽሑፍ ገልጿታል። በባሌ ተራሮች ላይ ደግሞ ማልኮም ላርገን እ.ኤ.አ. በ1995 የሐረና ደንን እስስት፣ ኮሊን ቲልበሪ እ.ኤ.አ. በ1998 ወንዱ በአፍንጫው ላይ ሁለት አጫጭር ቀንዶች ያሉትን የባሌ እስስት ለሳይንስ አስተዋውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2021ም ከተራራው ሰሜናዊ ተዳፋት የተገኘ ሌላ ዝርያ በጀርመናዊው የተሳቢ እንስሳት ሊቅ በቮልፍጋንግ ቦህመ ስም ተሰይሟል። ወደ ቆላው ሲወረድ፣ በአዋሽ ተፋሰስና በአፋር በኩል፣ ወንዱ እንኳ በኋላ እግሩ ተረከዝ ላይ ጉጥ የሌለው የአዋሽ እስስት ይኖራል። ደጋውንና ቆላውን በሚያገናኘው የሐብሩ ተዳፋት ላይ የሚታይ ማንኛውም እስስት በቀለሙ ሳይሆን በተረከዙ ጉጥ፣ በራሱ ላይ ባለው የቁር ቅርጽ፣ በጀርባውና በአገጩ ሥር ባሉት የሾህ ረድፎች መለየት አለበት፤ የደጋውንና የቆላውን ዝርያ አንድ ዓይነት አያያዝ መስጠት አንደኛውን መግደል ነውና።

በቀለም መለየት የማይቻልበት ምክንያት ሰፊ ማብራሪያ የሚገባው ነው። በሕዝቡ ዘንድ እስስት የተቀመጠችበትን ነገር ቀለም የምትለብስ እንስሳ ተደርጋ ትታሰባለች፤ በዚህም ሳቢያ ስሟ የወላዋይ ሰው መጠሪያ ሆኗል። በእርግጥ ግን የቀለሟ ለውጥ በዋነኛነት የሙቀት መቆጣጠሪያና የመነጋገሪያ ዘዴ ነው። በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ የሚሼል ሚሊንኮቪች የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው ጥናት፣ በማዳጋስካሩ ፓንተር እስስት ቆዳ ውስጥ ጓኒን ከተባለ ንጥረ ነገር የተሠሩ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎችን የያዙ ሕዋሳት በሁለት ንብርብር ተደራጅተው እንደሚገኙ አሳይቷል። እንስሳው ሲረጋጋ በላይኛው ንብርብር ያሉት ክሪስታሎች ተጠጋግተው ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳሉ፤ ሰማያዊው ከቆዳው ቢጫ ቀለም ጋር ሲዋሐድ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ወንዱ ተቀናቃኝ ወይም ሴት ሲያይ ክሪስታሎቹ ይራራቃሉ፤ በዚያን ጊዜ የሚመለሰው ብርሃን ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ያደላል። ለአሳዳጊ ይህ ዕውቀት ትልቅ ዋጋ አለው፤ ቀኑን ሙሉ ጠቁራ የምትውል እስስት ብርድ ወይም ሕመም ወይም ፍርሃት እንዳለባት፣ በቀን ዓይኗን ጨፍና ገርጥታ የምትታይ ደግሞ በጽኑ እንደታመመች ይታወቃል። ድምፅ አውጥታ የማትጮኽ እንስሳ ያለችበትን ሁኔታ የምትናገረው በቆዳዋ ነው።

ምላሷም የተፈጥሮ አካባቢዋን ታሪክ የሚነግር አካል ነው። እስስት ከገላዋ ርዝመት የሚበልጥ ምላስ አስወንጭፋ ነፍሳትን የምትይዝ ሲሆን፣ ተመራማሪው ክሪስቶፈር አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2016 በጥቃቅን የታንዛኒያ እስስቶች ላይ የምላሱ ፍጥነት የሚጨምርበት መጠን ከመሬት ስበት 264 ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ ለክቷል። ይህ ኃይል በቀጥታ ከጡንቻ የሚመጣ አይደለም፤ ጡንቻው አስቀድሞ በምላሱ አጥንት ዙሪያ ያሉትን ሊለጠጡ የሚችሉ ሽፋኖች ወጥሮ ካከማቸው በኋላ በአንድ ጊዜ የሚለቀቅ ነው። አንደርሰንና ስቲቨን ደባን እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳዩትም፣ በዚህ አሠራር የተነሣ የገላ ሙቀት ወደ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ እንኳ ምላሱን የማስወንጨፉ ብርታት ብዙም አይቀንስም፤ በእጅጉ የሚዘገየው በጡንቻ ብቻ የሚከናወነው ምላስን መልሶ የመሰብሰብ ሥራ ነው። እንሽላሊት ገና በብርድ ደንዝዞ ባለበት የደጋ ማለዳ እስስት አደን መጀመር የቻለችው በዚህ ምክንያት ነው።

የሽቦው ቤት

እስስትን የሚያኖር ሰው በመጀመሪያ የሚያዘጋጀው ቤት ከወለሉ ስፋት ይልቅ ቁመቱ የሚበልጥ፣ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ጎኑ በወንፊት ሽቦ የተሠራ መሆን አለበት። ለአንድ ትልቅ የየመን እስስት ወለሉ 60 በ60፣ ቁመቱ 120 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቤት የተለመደ ነው። የእስስት እግር ጣቶች በሁለትና በሦስት ተቧድነው ቅርንጫፍ ለመጨበጥ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ውፍረታቸው የተለያየ ቅርንጫፎች በአግድምና በሰያፍ ይዘረጋሉ፤ እንስሳዋ ልትሸሸግበት የምትችል ቅጠለ ብዙ ተክልም ይጨመራል። ቤቱ ከሰው ዓይን ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ከላይ የሚመጣ ነገር ለእስስት ሁልጊዜ እንደ አዳኝ ወፍ ስለሚታያት፣ ከታች ሆና ሰውን ወደ ላይ የምታይ እስስት ከጭንቀት አታርፍም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንድ ቤት ሁለት እስስት አይቀመጥም። ወንድና ወንድ ይጣላሉ፤ ወንድና ሴት ከሚገናኙበት ጊዜ ውጪ አብረው ሲኖሩ ሴቷ ትመነምናለች፤ ሳይነካኩ እየተያዩ ብቻ መኖር እንኳ ምግብ እስከ ማስተው የሚያደርስ ጭንቀት ያመጣል። ብቸኝነት ለሰው ቅጣት ቢሆንም ለእስስት የጤና መሠረት ነው።

ሙቀቱ በቤቱ ውስጥ ወጥ መሆን የለበትም። በላይኛው ማዕዘን የሚሰቀል አምፖል እንደ ጠዋት ፀሐይ የሚያገለግል ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ሙቀት ለየመኑ እስስት ወደ 30 ዲግሪ፣ ለደጋ ዝርያዎች ከ27 ዲግሪ እምብዛም የማይበልጥ ሆኖ፣ የቀረው ክፍል ቀዝቀዝ ያለ ይሆናል፤ እንስሳዋም ወዲያና ወዲህ እየተዘዋወረች የሚበቃትን ሙቀት ራሷ ትመርጣለች። ሲመሽ አምፖሉ ጠፍቶ ሙቀቱ ቢያንስ በ8 ወይም በ10 ዲግሪ መውረድ አለበት። ከተራራ የመጡት ዝርያዎች ሌሊቱን ሙሉ የሚሞቅ ክፍል ውስጥ ሲኖሩ እንቅልፋቸው የማያሳርፍ፣ የገላቸውም ሥራ የማያቋርጥ ስለሚሆን ዕድሜያቸው ያጥራል። በውርጌሳ አጥር ላይ ማንም ሳያዘው ከማታ በኋላ የሚወርደው ቅዝቃዜ በሞቃት አገር ለሚኖር አሳዳጊ በብዙ የኤሌክትሪክ ወጪ የሚገኝ ነገር ነው።

የብርሃን ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ያልተፈታ እንቆቅልሽ ነበር። እስስት እንደ ሰው ሁሉ ካልሲየምን ከምግቧ ወስዳ አጥንት ለመሥራት ቫይታሚን ዲ-3 ያስፈልጋታል፤ ይህም ቫይታሚን በቆዳ ውስጥ የሚፈጠረው ዩቪቢ በተባለው የአልትራቫዮሌት ጨረር ክፍል አማካይነት ነው። በአገራችን እናቶች ጨቅላ ሕፃናትን የጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁበት ምክንያት ለእስስትም ይሠራል፤ ፀሐይ በማያገኝ ሕፃን ላይ የሚታየው የአጥንት መለስለስና መጉበጥ በእስስትም ላይ ይደርሳል። የተያዘችው እስስት መንጋጋ ይለሰልሳል፣ እግሮቿ ይጎብጣሉ፣ ቅርንጫፍ መጨበጥ ያቅታታል፣ ምላሷን ማስወንጨፍም ትተዋለች። የመስኮት መስተዋት ዩቪቢን ስለሚያግድ ከመስኮት ሥር ማስቀመጥ አይጠቅምም፤ በመስተዋት ቤት ለፀሐይ ማጋለጥ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ አግሎ ይገድላል። መፍትሔው ዩቪቢ የሚያመነጭ ረጅም የፍሎረሰንት መብራት በቀን 12 ሰዓት ያህል ማብራት ወይም በሽቦ ቤት ውስጥ፣ ጥላ ሳይለያት፣ ለፀሐይ ማውጣት ነው። መብራቱ ለዓይን እንደ በራ ቢታይም ጨረሩ ከጊዜ ጋር ስለሚደክም በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ይቀየራል። በአሜሪካ በቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ የጋሪ ፈርጉሰን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት፣ በምግባቸው ያገኙት ቫይታሚን ዲ-3 ያነሰ ፓንተር እስስቶች ወደ አልትራቫዮሌት ብርሃን አብዝተው እንደሚወጡ፣ የበዛላቸው ደግሞ እንደሚሸሹ ተረጋግጧል። እንስሳዋ የጎደላትን መጠን በራሷ የምታውቅ በመሆኗ፣ የአሳዳጊው ድርሻ ሁለቱንም ማለትም ፀሐይንና ጥላን ማቅረብ ብቻ ነው።

ውሃን በሚመለከት እስስት በሳሕን የተቀመጠ የረጋ ውሃን አብዛኛውን ጊዜ እንደ መጠጥ አታውቀውም፤ የምትጠጣው በቅጠል ላይ የሚያብረቀርቅ ጠብታ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ንጋት ላይና ሲመሽ ይረጫል፤ ቀን ላይ ግን ቤቱ እንዲደርቅ ይተዋል፤ ቀንና ሌሊት የማይደርቅ ቤት የሳንባና የቆዳ ሕመም ያመጣልና። የሌሊት እርጥበት ከቀኑ ከፍ ማለቱም በደጋ የሚታየውን የጉምና የጤዛ ሥርዓት የሚከተል ነው። እንስሳዋ የሚበቃትን ውሃ ማግኘት አለማግኘቷ በኩሷ ይታወቃል፤ ከጥቁሩ ክፍል ጋር የሚወጣው ዩሬት የተባለው ጠጣር ሽንት ነጭ ከሆነ ጤና ነው፤ ወደ ብርቱካንማ ቢጫ ከተለወጠና ዓይኗም ከጎደጎደ ጥም ጸንቶባታል።

ምግቧ ሕይወት ያለውና የሚንቀሳቀስ ነፍሳት ነው፤ ፌንጣ፣ በረሮ፣ ዝንብ፣ የሐር ትል፣ የእሳት እራት። አብዛኞቹ ነፍሳት ከካልሲየም ይልቅ ፎስፈረስ ስለሚበዛባቸው ከመቅረባቸው በፊት በካልሲየም ዱቄት ይነሰነሳሉ፤ ከዚያም በፊት ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ጎመን፣ ካሮትና ሌላ ቅጠላ ቅጠል ይመገባሉ፤ የእስስቷን ገላ የሚሠራው ፌንጣው የበላው ነገር ጭምር ነውና። ቫይታሚን በብዛት መስጠት ደግሞ ራሱን የቻለ መርዝ ስለሚሆን በወር ሁለት ጊዜ በቂ ነው። አድጋ የጨረሰች እስስት በየቀኑ መብላት አይገባትም፤ በተለይ ለሴቷ ጥጋብ አደጋ አለው፤ ይህም ወደ እርባታው ጉዳይ ይወስዳል።

ከቀይ ባሕር ማዶ

በዓለም ላይ በብዛት የሚራባው እስስት ከወሎ ተዳፋት ትይዩ፣ ከቀይ ባሕር ማዶ ካለው የየመንና የደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ ተራራማ አገር የመጣው፣ በራሱ ላይ ከፍ ያለ ቁር ያለው፣ ከላይ የየመን እስስት የተባለው ካሜሊዮ ካሊፕትራተስ ነው። አፍሪካና ዓረብ ምድር ቀይ ባሕር ሳይከፈት በፊት አንድ ስለነበሩ ሁለቱ ተዳፋቶች ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው፤ የየመን ደጋም እንደ ወሎ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት አለው። ከባሕሩ ማዶ ያለው እስስት በእርባታ ሳቢያ ጠባዩ በዝርዝር የታወቀ በመሆኑ፣ ከእርሱ የተገኘው ትምህርት በኢትዮጵያ ቆላና ወይና ደጋ ለሚኖሩት እንቁላል ጣይ ዘመዶቹ ትልቅ ማመሳከሪያ ነው።

የዚህ ዝርያ ወንድ ከእንቁላል ሲወጣ ጀምሮ በኋላ እግሩ ተረከዝ ላይ ባለ ትንሽ ጉጥ ይታወቃል። ሴቷ ገና በስድስት ወሯ እንቁላል መያዝ ብትችልም አስተዋይ አራቢ ዕድሜዋ ዓመት እስኪሞላ ይጠብቃል፤ አጥንቷ ሳይጠነክር የምትጥል ሴት ካልሲየሟን ሁሉ ለእንቁላሉ ሰጥታ ትሞታለችና። ሴቷ ለመገናኘት ስትዘጋጅ በአረንጓዴ ገላዋ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ወንዱ ወደ እርሷ ሲቀርብም ዝግ ባለ እርምጃ ትሄዳለች እንጂ አትቆጣም። ወንዱ ቀለሙን አድምቆ፣ ገላውን ከጎን አሳይቶ፣ ራሱን እየነቀነቀ ይቀርባል። ሴቷ ከጠቆረች፣ አፏን ከፍታ ካፏጨችና ከተወዛወዘች ግን እንቢታዋ ግልጽ ነውና ወዲያው መለየት ያስፈልጋል። ከተገናኙ በኋላ ጥቂት ቀናት ሳይሞሉ ገላዋ ጠቁሮ ቢጫና ሰማያዊ ነጠብጣብ ይወጣበታል፤ ይህም ማርገዟን ለወንድ የምታስታውቅበት ምልክት ነው። ከአንድ ግንኙነት ያገኘችውን የወንድ ዘር በገላዋ አቆይታ ሌላ ጊዜ ያለ ወንድ የዳበረ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ ወንድ ያላየች ሴትም ቢሆን መካን እንቁላል መጣሏ ስለማይቀር፣ ሴት እስስት የያዘ ሁሉ ማራባት ባይፈልግም የመጣያ ቦታ ማዘጋጀት ግዴታው ነው።

ሴቷ ከግንኙነቱ ከ20 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ምግብ ትታ በቤቱ ወለል ላይ መንከራተት ትጀምራለች። በዚህ ጊዜ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው እርጥብ አሸዋና አፈር የተሞላ ባልዲ ሊቀርብላት ይገባል፤ አሸዋው ስትቆፍረው የማይናድ፣ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን የሚይዝ መሆን አለበት። ሴቷ አንዳንዴ ሙሉ ቀን ዋሻ ቆፍራ፣ ውስጥ ገብታ ጥላ፣ ጉድጓዱን በጥንቃቄ ደፍና ትወጣለች። በዚህ ሰዓት ሰው ሲያያት ከተሰማት ሥራውን አቋርጣ ልትተው ትችላለች፤ ካልጣለች ደግሞ እንቁላሉ በውስጧ ቀርቶ ይገድላታል። በምርኮ ያሉ ሴት እስስቶችን በብዛት የሚገድለው ይህ ችግር ሲሆን፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥልቀት የሌለው አፈር ወይም የካልሲየም ማነስ ነው። በሙቀትና በምግብ ብዛት የምትያዝ ሴት በአንድ ጊዜ ከ60 የሚበልጥ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ ምግቧ ሲመጠንና ሙቀቷ ረገብ ሲል ቁጥሩ ወደ ሃያና ሠላሳ ይወርዳል፣ የእርሷም ዕድሜ ይረዝማል። የእንቁላልን ብዛት እንደ ስኬት መቁጠር እናቲቱን መብላት መሆኑን ልምድ ያላቸው አራቢዎች ከብዙ ኪሣራ በኋላ ተረድተዋል።

እንቁላሉ እንደ ዶሮ እንቁላል ጠንካራ ቅርፊት የለውም፤ ቆዳ መሰል ሽፋኑ ከአፈሩ ውሃ እየሳበ ያድጋል። አራቢው ከአሸዋው ሲያወጣው የላይኛው ገጽ እንዳይገለበጥ ምልክት አድርጎ፣ ቬርሚኩላይት በተባለ ውሃ የሚይዝ ቀላል ማዕድን በተሞላ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ እስከ ግማሹ ይቀብረዋል፤ ከዚያም ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ባለ ጨለማ ቦታ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ያቆየዋል። ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ጊዜ የራሱ ትርጉም አለው። እንቁላሉ ሲጣል ፅንሱ በመጀመሪያ የዕድገት ደረጃ ላይ ቆሞ ለሳምንታት ዕድገቱን ይገታል፤ በዚህ አኳኋን በዝናቡ መጨረሻ የተጣለ እንቁላል ደረቁን ወራት በአፈር ውስጥ አሳልፎ፣ ነፍሳት በሚበዙበት በሚቀጥለው ዝናብ ይፈለፈላል። በምዕራብ ማዳጋስካር የሚኖረው የላቦርድ እስስት ይህን ሥርዓት እስከ ጫፉ አድርሶታል፤ በእንቁላል ውስጥ ስምንት ወይም ዘጠኝ ወር ይቆይና ከተፈለፈለ በኋላ አራት ወይም አምስት ወር ብቻ ኖሮ ሁሉም ትልልቆቹ ይሞታሉ፤ በዓመቱ አብዛኛው ክፍል የዝርያው ሕልውና የሚገኘው በአፈር ውስጥ ነው።

ጫጩቶቹ ሲወጡ በሰው ጣት ላይ ሊቆሙ የሚችሉ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ራሳቸውን የቻሉ አዳኞች ናቸው፤ እናታቸው ብታገኛቸው እንደ ምግብ ልታያቸው ትችላለች። የፍራፍሬ ዝንብና ገና የተፈለፈለ ፌንጣ በቀን ብዙ ጊዜ ይበላሉ። ገላቸው ትንሽ በመሆኑ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይደርቃሉ፤ ስለዚህ ውሃው በረቀቀ ጉም መልክ ይረጫል። ሲያድጉ ጠንካራው ደካማውን ከምግብና ከፀሐይ ስለሚያርቀው፣ በሁለት ወይም በሦስት ወራቸው እያንዳንዱ የራሱ ቤት ያስፈልገዋል። አርባ እንቁላል ያስፈለፈለ ሰው አርባ ቤት፣ አርባ መብራትና በሺዎች የሚቆጠር ፌንጣ ማዘጋጀት አለበት ማለት ነው፤ እርባታ ከመጀመሩ በፊት ሊታሰብ የሚገባው ይህ ነው።

እስስት ሁሉ እንቁላል ጣይ አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ ጭምር የሚገኘው ባለ ሁለት መስመር እስስትና ወንዱ ሦስት ቀንድ ያለው የኬንያው ጃክሰን እስስት በቀዝቃዛ ተራራ የሚኖሩ በመሆናቸው ፅንሳቸውን በሆዳቸው ያሳድጋሉ። በብርድ አፈር ውስጥ የማይሞቅ እንቁላል ከመጣል ይልቅ ፀሐይ ለፀሐይ እየተዘዋወረች በምትሞቅ እናት ሆድ ውስጥ ማቆየቱ ለፅንሱ ይበጃል። የጃክሰን ሴት ከአምስት ወር በላይ አርግዛ፣ በቀጭን ሽፋን የተጠቀለሉ ልጆቿን አንድ በአንድ ቅጠል ላይ ትጥላለች፤ ሽፋኑ ሲያርፍ ተቀዶ ልጁ ይነቃና መውጣት ይጀምራል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት የተገኘው በብዙ የዱር እስስቶች ሞት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የእስስት ንግድ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ሳይትስ በተባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ውሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከማዳጋስካር የሚወጡት እስስቶች ከአራት ዝርያ በቀር ታግደዋል፤ ታንዛኒያም እ.ኤ.አ. በ2016 ሕያው የዱር እንስሳ ወደ ውጭ መላክን አቁማለች። ኢትዮጵያ ሳይትስን የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ ማዘዋወር የተከለከለ ነው። ስለዚህ በሐብሩም ሆነ በሌላ ቦታ ለጥናት ወይም ለትምህርት እስስት ማኖር የሚፈልግ ተቋም አስቀድሞ ከዱር እንስሳት ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ከአጥር አንስቶ ወደ ቤት መውሰድ ሕጉ የሚፈቅደው ነገር አይደለም። ከሌላ አገር ማስመጣትም የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ለንግድ ወደ ሐዋይ የተወሰዱ የጃክሰን እስስቶች በደሴቶቹ ላይ ተስፋፍተው፣ ከዚያ በቀር የማይገኙ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚበሉ ተረጋግጧል፤ የየመኑ እስስትም በፍሎሪዳ ከቤት አምልጦ ዱር ለዱር ተራብቷል።

በሐብሩ

በውርጌሳና በአካባቢዋ የእስስት ጥበቃ ማለት እንግዲህ የሽቦ ቤት መሥራት ሳይሆን፣ የሽቦው ቤት ሳይንስ አስፈላጊነታቸውን ያረጋገጠላቸውን ነገሮች በአጥሩ ላይ ማቆየት ነው። ከእነዚህ አንዱ ንጹሕ ነፍሳት ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ሰሜን ወሎን ጨምሮ በምሥራቅ አማራ ማሳዎች ላይ በወረደ ጊዜ ፀረ ተባይ መርጨት ሰብልን ለማዳን የግድ ነበር፤ ነገር ግን መርዝ የነካው ነፍሳት የሚበላው እንስሳ መርዙን አብሮ ይወስዳል። በመደበኛው ዓመት መርጫው ለማሳው ብቻ ቢውልና የአጥሩ ዳር ሳይረጭ ቢቀር፣ ፌንጣና ዝንብ የምትበላው እስስት ለገበሬው የማትከፈል ረዳት ሆና ትቆያለች። ሁለተኛው አጥሩ ራሱ ነው። የቅንጭብና የሰንሰል አጥር በቆርቆሮና በብሎኬት በተተካ ቁጥር ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እንጂ በመሬት ላይ ብዙ መሄድ የማትችለው እንስሳ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው የምትሻገርበት ድልድይ ይቋረጣል፤ በአውራ ጎዳናው ላይ ተጨፍልቀው የሚገኙትም በአብዛኛው እንዲህ ያለ መሻገሪያ ያጡ ናቸው። አጥር ሲከረከም ሁሉንም በአንድ ቀን ከመቁረጥ ይልቅ ግማሹን አቆይቶ ሲያቆጠቁጥ ሌላውን መቁረጥ ለሁለቱም ይበጃል። የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎችም ሆኑ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እስስቶችን ሳይነኩ፣ ማታ በባትሪ ብርሃን ገርጥተው ሲተኙ በቀላሉ ስለሚታዩ፣ በየአጥሩ እየቆጠሩ ሊመዘግቡ ይችላሉ፤ በዓለም ላይ የሚሠራበት የእስስት ቆጠራ ዘዴም ይኸው ነው።

ሦስተኛው አፈሩ ነው። እንቁላል ጣይ ሴት ከቁጥቋጦው የምትወርደው ለመጣል ብቻ ሲሆን፣ የምትመርጠውም ከዝናብ በኋላ የለሰለሰ የአጥር ሥር ወይም የማሳ ዳር አፈር ነው። በዚህ ጊዜ ዝግ ብላ መሬት ላይ ስትሄድ የምትታይ ወፍራም እስስት ጠፍታ ሳይሆን ቦታ ፈልጋ ነውና መንገዷን መተው ይገባል። በቁፋሮ ጊዜ ከአጥር ሥር ተጠጋግተው የተቀመጡ፣ ነጭና ለስላሳ ሽፋን ያላቸው እንቁላሎች ቢወጡ፣ የእስስትም ሆኑ የእንሽላሊት፣ ሳይገለበጡ ወደ ነበሩበት ጥልቀት ተመልሰው በዚያው እርጥብ አፈር ሊሸፈኑ ይገባል፤ አፈሩ ከላይ ሳይጠቀጠቅ ላላ ብሎ፣ ዶሮ እንዳይጭረው በእሾህ ቅርንጫፍ ቢሸፈን፣ ጫጩቶቹ ጊዜያቸው ሲደርስ ራሳቸው ቆፍረው ይወጣሉ።